የሦስት ቀን ዶሮ

እናቴ ለዒድ የተገዛችን ዶሮ በዕለቱ አሳርዳ አታውቅም። ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን ጓሮ እግሯን በገመድ አስራ ሦስት ቀን ታቆያታለች፤ ንጹሕ በቆሎና ውሃ ብቻ ትሰጣታለች። ምነው ስንላት «የሰፈር ዶሮ የት እንደዋለች አይታወቅም» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት አስኳላ፣ ከሰዓት መድረሳ የምመላለስ ልጅ ነበርኩና ሳይንስ ያወቅሁ መስሎኝ በቆሎ ማባከን ነው እላለሁ።

አንድ ዓመት ዶሮ የመግዛቱ ነገር ለእኔ ተሰጠ። ዛሬ ነገ ስል የገዛሁት በዒድ ዋዜማ ነው። ዶሮዋ ቦይ ዳር ቆሻሻ ስትጭር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለእናቴ ግን «ባለቤቶቹ ሦስት ቀን አስረው ያቆዩዋት ናት» አልኳት። በማግሥቱ ያ ሁሉ ሽንኩርትና ቅመም የገባበት ወጥ ደስ የማይል ሽታ ነበረው። አባቴ አንዴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። እናቴ አየችኝ፤ በእንግዳ ፊት ግን አልተናገረችም።

ወራት አልፈው ኡስታዛችን ስለ «ጀላላ» አስተማሩን። ነጃሳ የምትመገብ እንስሳ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሥጋዋንና ወተቷን እንደከለከሉ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። እሳቸው ራሳቸው እንዲህ ያለችን ዶሮ ሦስት ቀን ያግቱ እንደነበር ተወርቷል። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ዋናው መለኪያ የቀኑ ቁጥር ሳይሆን የሥጋው መለወጥ ነው፤ ንጹሕ ቀለብ በልታ ሽታው ከጠፋ ትበላለች። እናቴ ኪታብ ቀርታ አታውቅም፤ ከእናቷ ያየችውን ነበር የምትሠራው። ያን ዕለት ማታ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። «ወጡ ነግሮኛል» አለችኝ።

ሳይንሱም ቢሆን እናቴን የሚቃወም ሆኖ አላገኘሁትም። ቡናማ እንቁላል ከሚጥሉ ዶሮዎች አንዳንዶቹ የዓሣ ዱቄት ወይም የጎመን ዘር ፋጉሎ ሲበዛባቸው እንቁላላቸው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ትራይሜቲላሚን የሚባለውን ውህድ ሰውነታቸው በተፈጥሮው ማስወገድ ስለማይችል አስኳሉ ውስጥ ይገባል። በሩቅ አገር በኩሬ የሚረባው ሽሪምፕም እንዲሁ ነው። የባሕሩ ሽሪምፕ ከባሕር አረምና ከትላትል ብሮሞፌኖል የተባሉ ውህዶችን ያገኛል፤ የባሕር ጣዕም የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። የኩሬው ግን በአኩሪ አተርና በዓሣ ዱቄት የተጋገረ መኖ ሲቀለብ እነዚህን ብዙም ስለማያገኝ ጣዕሙ ለዘብ ይላል። (ሽሪምፕ ቀምሼ አላውቅም፤ ከጅዳ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሲያወድሱት ግን ሰምቻለሁ።)

አብዛኛው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ጓሮውም አብሮ ሄደ። አሁን የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቶች በጩኸቷ ቅር እንዳይሰኙ አስቀድሜ እያስፈቀድኩ ዶሮዋን በረንዳ ላይ አስራታለሁ። ልጄ በቆሎውን እየበተነ «አባ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?» ይለኛል። ሁለተኛዋ ነው እለዋለሁ፤ ሁለተኛዋ ከሆነ።