ቤት ዝም ሲል ማን ያስተምራል?

በፎገራ ሜዳ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። የርብና የጉማራ ውኃ ያጠገበው ሩዝ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ከተሸጠ በኋላ እጅ ላይ ገንዘብ ይኖራል። ጥምቀት ሲያልፍ ዳስ ይጣላል። በወረታ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ የጥር ወር የስም ጥሪ ያስፈራኝ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ስም ስጠራ ጓደኞቿ አንገታቸውን ይደፋሉ። መልሱ ያ ነው፤ ተድራለች።

ይህን ያነሣሁት የልጅ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት በቅርቡ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ጉዳይ ክርክር ስላስነሣ ነው። አንድ አባት ብድግ ብለው «ይህ የፈረንጅ ብልግና ነው፤ ልጅን ያላሰበችውን ማሳሰብ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ያስተምራል» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው።

ሥጋታቸውን አልንቀውም። ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2018 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የጾታ ትምህርት መመሪያ በብዙ አገር ወላጆችን አከራክሯል። የኢትዮጵያ መንግሥትም በ2013 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ አገሮች ጋር ይህን ትምህርት ለማስፋፋት ቃል ገብቷል። አንድ የፎገራ ገበሬ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን «ቤት ያስተምራል» ሲባል የትኛው ቤት ነው? በእኛ አገር ሙሽራውን ሚዜዎቹ ይመክሩታል። ሙሽሪትን ግን «ታገሺ» ከማለት ያለፈ የሚነግራት የለም። የወር አበባ ሲመጣባቸው የታመሙ መስሏቸው እያለቀሱ ወደ እኔ የመጡ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። «ለእናትሽ ነገርሻት?» ስላቸው «ምን ብዬ?» ይሉኝ ነበር።

የዝምታው ዋጋ ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ ትዳር የያዙት 16 ዓመት ገደማ ሳይሞላቸው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ይኸው ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋል። አካሏ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ምጡ ለቀናት ሲጸናባት ምን እንደሚደርስባት ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ያውቀዋል። ሕጉስ አለ። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስራቱ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። ሕጉን የማታውቅ ልጅ ግን ሕጉ አለኝ ብላ አትከራከርም።

በስብሰባው ላይ ይህን ስናገር አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እትዬ፣ እኔስ ምን ብዬ ልንገራት? ለእኔም የነገረኝ የለም» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከክርክሩ ሁሉ እውነቱን የተናገረችው እሷ ነበረች። ያልተማረውን የሚያስተምር ቤት የለም።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። መጽሐፉ ከልጆቹ በፊት ለወላጆች ይከፈት፤ የማይስማማን ገጽ ካለ በግልጽ እንከራከርበት። በታች ክፍሎች ልጅ ገላዋን ማንም እንዳይነካት፣ ቢነካት ለማን እንደምትናገር ትወቅ። የወር አበባ ሳይጀምራት ስለ ወር አበባ ትስማ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ስለ እርግዝና፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ጋብቻ ሕግ ይማሩ። የንስሐ አባቶችና ሼኾችም ይጠሩ፤ እነሱ ያሉበትን ነገር ወላጅ አይሸሸውም።

ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ። የልጅ ልጄ ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጠሮ እስኪደርስ አልጠበቅሁም። ቡና እያፈላሁ አጠገቤ አስቀምጬ ማወቅ ያለባትን ነገርኳት። አላፈረችም፤ በጥሞና ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ይህንን ለወንዶቹስ ማን ይነግራቸዋል?»

ወንድ ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ጥያቄው ለእናንተ ነው።