ስንደዶው ሳያልፍ

ደብረ ታቦር ላይ ሴቶች ቡና በተጠራሩበት ቤት ዐይኔ ቶሎ የሚያርፈው እጃቸው ላይ ነው። አንዷ ወሬውን እየሰማች ዳንቴል ትሠራለች። ሌላዋ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፤ ክሩን ክንዷ እስከቻለ ወደ ላይ ትስበውና መልሳ ትጠቀልለዋለች። የሦስተኛዋ ሰፌድ ገና መሐሉ ብቻ ነው። ሥራ የፈታ እጅ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ የሰፈር እድር ወይም የሴቶች ማኅበር «የእጅ ሥራ ሥልጠና እንክፈት» ብሎ ሲመካከር ውይይቱ የሚረዝመው ሙያ ጠፍቶ አይደለም። የትኛውን እናስቀድም የሚለው ነው ሰዉን የሚያከራክረው።

በእንዲህ ያለው ምክክር መጀመሪያ የሚነሱት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሻማና ሹራብ ናቸው። አልነቅፋቸውም፤ በሳሙና ቤቷን የምታስተዳድር ሴት አለች። ነገር ግን ኬሚካሉም ክሩም ከሩቅ ነው የሚመጣው። መንገድ በተዘጋ ወይም ዋጋ በናረ ቁጥር ሥራው አብሮ ይቆማል። ሠልጣኟ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ቤቷ ትቀመጣለች።

እኔ ብጠየቅ ቀና ብላችሁ ጉናን እዩ እላለሁ። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆም ተራራ ነው፤ ብርዱ ከፋርታ እስከ ላይ ጋይንት ሰውን ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። ብርድ ባለበት በግ አለ፣ በግ ባለበት ጠጉር አለ። ባናና ዝተት የሚባሉት መደረቢያዎች የሚሠሩት ከዚህ ጠጉር ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ዛሬ ግን ገበያው ላይ ከባናው ይልቅ ከውጭ የገባው ብርድ ልብስ በዝቶ ይታያል። ያኛው ይቀላል፣ ያምራልም። ባናው የሚከብደውና የሚኮሰኩሰው አሠራሩ እንደ ድሮው ስለቀረ ይመስለኛል። ጠጉሩን በደንብ የሚያጥብና አለስልሶ የሚነድፍ ሰው ቢገኝ፣ ትራስ፣ ምንጣፍ፣ የልጅ ኮፍያ ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። ይኸ ለአንድ ማኅበር ጥሩ የሥልጠና ርዕስ ነው።

ስፌት ደግሞ ወቅት አለው። ስንደዶና አክርማ የሚለቀመው ክረምቱ ወጣ ሲል፣ በመስከረም ነው። አንድ ጊዜ ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ሥራዋን አየሁ። አክርማውን ጠቅለል አድርጋ ውስጥ ታደርገዋለች። የተሰነጠቀውን ስንደዶ ውኃ ውስጥ ነክራ ታለሰልሰዋለች። በወስፌዋ የበፊቱን ዙር ትበሳና፣ ቀዳዳው ሳይዘጋ ስንደዶውን አሾልካ ትስበዋለች። ሲጠብቅ ትንሽ ሲጥ ይላል። ቀለም የገባበትን አለላ በየት በኩል እንደምታመጣው ወረቀት ላይ አልነደፈችውም፤ በጭንቅላቷ ቆጥራ ነው የምታመጣው። አሁን አሁን በአለላው ፈንታ ከማዳበሪያ ከረጢት የተፈታ ክር የሚጠመጥሙ ብዙ ናቸው። ቀለሙ ይጮኻል፣ አይለቅም፣ በነጻም ይገኛል። እኔ ግን ለእንጀራ የሚሆነው የሣሩ ነው ባይ ነኝ፤ ይተነፍሳል።

ሙያን መርጦ ማስተማር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙም አይርቅም። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየርን፣ ጋፋት አስፍረው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። አብዛኞቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ እየወደቁ እየተነሡ ነው የተማሩት። የአገሬው ወጣቶችም አብረዋቸው ሠሩ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ቀልጦ ወጣ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተም መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 1860 ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፣ የጋፋት ወናፍም ዝም እንዳለ ቀረ። ብረቱም፣ አስተማሪውም፣ ገዢውም በአንድ ሰው ትእዛዝ ላይ ቆመው ስለነበር፣ ያ ሰው ሲወድቅ ሙያው የሚይዘው አጣ። ይኸ ሁሌም ያሳዝነኛል።

አውራ አምባ ሌላውን መንገድ ያሳያል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ፣ ዓለም በር አካባቢ ተገንጥለው፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ነው የሚገኘው። አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ በደርግ ዘመን ተሳዶ ቦንጋ ድረስ ሄዶ ነበር። ሲመለስ አብዛኛው መሬቱ በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቀው። የቀረችው መሬት ሁሉንም በእርሻ አታኖርም። ስለዚህ ሽመናን ዋና መተዳደሪያቸው አደረጉ። በብዙ ቦታ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ እዚያ ግን ሴቷ ሸማ ሥራው ላይ ተቀምጣ መወርወሪያ ትወረውራለች፣ ወንዱም ይፈትላል። ሙያውን ያስመረጣቸው ችግራቸው ነው። ከመረጡ በኋላ ደግሞ ማን ይሥራው የሚለውን አጥር አፈረሱት።

ይኸ አጥር ሸክላ ላይ ሲደርስ ይጠነክራል። በአንድ ምክክር ላይ የሸክላ ሥልጠና ሲነሳ አንዲት ወይዘሮ «እሱማ የኛ ሥራ አይደለም» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠችው «እትዬ፣ ታዲያ ቡናውን በምን ልናፈላው ነው?» አለቻቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ሁሉም ይፈልጋል፤ የሠራችውን ሴት ግን ቡዳ እያለ የሚርቃት አሁንም አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ለሚያስብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ይህን መስማት ያማል። ሸክላ ሠሪዋ የገል ዱቄቱን ከጭቃው ጋር ስንት ለስንት እንደምትደባልቅ፣ ሳይሰነጠቅ እንዲወጣ እሳቱን መቼ እንደምትቀንስ የምታውቅ ሰው ናት። በሥልጠናው የመጀመሪያው ወንበር የሚገባው ለእሷ ነው።

ልጆቹንም አንርሳ። ለነሐሴ 13 ለቡሄ ጅራፍ ሲገምዱ ያየ፣ ማንም ሳያስተምራቸው ከመያዣው ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚሳሳውን ገመድ እንዴት እንደሚያወጡት ያውቃል። ያ እጅ ከበዓሉ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይፈታል። ቅርጫት መሥራት ወይም ወንበር ማልበስ ቢማር የሚያቅተው አይመስለኝም። ብራና ፍቆ መጻፍን ግን ለአጭር ሥልጠና አልመክርም፤ እሱ ዓመታት ይፈልጋል፣ ቤቱም የአብነት ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ የእድር ዳኞችና የማኅበር እናቶች ሆይ፣ ስፌቱን ለመስከረም ያዙት፤ ስንደዶው ካለፈ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ጠጉሩን ከላይ ጋይንት ባለበጎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሸክላ ሠሪዋን ስትጠሯት ደግሞ የቀን ሂሳቧንና የትራንስፖርቷን ከሌላው አሠልጣኝ እኩል ቁረጡላት፤ ቡናውም ሲቀርብ ከእናንተ ጋር በአንድ ረከቦት ትጠጣ።