ባህሩ በነፃ፣ ይሉኝታው በዩሮ!

«ቪዛው ተመታልኝ፤ ሐምሌ ላይ እመጣለሁ!»

ይህቺን የስልክ ወሬ የሰማ ጣሊያን ነዋሪ ያገራችን ልጅ መጀመሪያ በደስታ ይዘላል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ ያሰላል። የት ላሳድራቸው? የት ላዙራቸው? ማን ይከፍላል? ለመሆኑ ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ከእንግዶቹ ጋር አፍ አውጥቶ የሚነጋገር ስንቱ ነው?

የአንዲት የሚላኖ ነዋሪን ጉዳይ እንመልከት። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደር ወጣት ናት። ባለፈው ክረምት (እነሱ ጋ በጋ ነው) ሁለት የልጅነት ጓደኞቿ መጡላት፤ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ ሌላዋ ከፍራንክፈርት። ተያይዘው ወደ ሊጉሪያ ባህር ዳርቻ ወረዱ። በመጀመሪያው ቀን ባህሩን ፊት ለፊት ከሚያይ ምግብ ቤት ገቡ፤ ልጅት «እኔ አለሁ!» ብላ ከፈለች። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ኪሷ ሲራቆት «ዛሬ አሞኛል፣ እናንተ ሂዱ» አለች። እንግዶቹ ደግሞ «ሰለቸናት መሰለኝ» ብለው አኮረፉ። አያችሁልኝ? ሦስቱም ይዋደዳሉ፤ ሦስቱም ተኮራረፉ!

ደግነቱ የአዲስ አበባዋ ልጅ አራዳ ናት። ማታውኑ «ስሚ እንጂ፣ እኔ የመጣሁት አንቺን ላይ ነው ወይስ ኪስሽን ላራቁት? ስንት አለሽ? እኛስ ስንት አለን?» ብላ አፋጠጠቻት። ያላቸውን አወጡ፤ አዋጡና በአንድ ቦርሳ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያች ቦርሳ ሆነ። ቀሪዎቹ ቀናት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይልቅ ርካሽም፣ ሳቅ የበዛባቸውም ነበሩ።

እንግዳን ተበድሮም ቢሆን ማብላት ያደግንበት ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ቤት ውስጥ አንድ ዶሮ ወጥ ሠርቶ ማቅረብና ሳምንቱን ሙሉ ለሦስት ሰው የምግብ ቤት ሒሳብ መክፈል ለየቅል ናቸው። እንግዳውም «ውጭ ያለ ሰው ይሞላለታል» የሚለውን ወሬ አገር ቤት ጥሎ ይምጣ። ጋባዡም ሙላት ያለው መስሎ መታየቱን ይተው። የመጀመሪያዋ ማታ፣ ቡና እየተጠጣ፣ «አቅማችን ይህቺ ናት» ተባብሎ መነጋገር ነው መድኃኒቱ።

ታዲያ በጥቂት ፍራንክ ምን ይታያል? ብዙ! የሊጉሪያ ደጉ ነገር ከተሞቹ በባቡር ሐዲዱ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩ መሆናቸው ነው። ማረፊያን ጄኖቫ አድርጎ ቀን ቀን መውጣት ይቻላል። ጄኖቫ ራሷ ውስጥ ቦካዳሴ የሚባል የአሣ አጥማጆች ሰፈር አለ፤ ኔርቪ ላይ ደግሞ ከዓለቱ ጥግ ጥግ የሚሄድ የባህር ዳር መንገድ አለ። ለመንሸራሸር የሚጠይቃችሁ የለም። ከዚያ ካሞሊ ናት። የቤቶቹ ግድግዳ ላይ ያያችሁት መስኮት እውነተኛ ይሁን በቀለም የተሳለ ለመለየት ትቸገራላችሁ።

ቀጥሎ ስማቸው የገነነው አምስቱ መንደሮች፣ ቺንኩዌ ቴሬ አሉ፤ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናሳ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰፋ ያለ አሸዋ የፈለገ ሞንቴሮሶ ይውረድ። ኮርኒሊያ ግን ጉብታ ላይ ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሯ የሚያወጣው ደረጃ ከ360 በላይ ነው። ጉልበት ፈተና ላይ ነው! በሪዮማጆሬና በማናሮላ መካከል ያለው «የፍቅር መንገድ» በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለት ተንዶበት ተዘግቶ ቆይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል፤ መግቢያው በክፍያ ነው። ጥንዶች፣ ሰምታችኋል? በተራራው ዱካ ላይ ደግሞ በነጠላ ጫማ መሄድ ያስቀጣልና ደህና ጫማ አድርጉ።

ሆድንስ? ማኪያቶ፣ ፓስታና ፎርኖ የሚሉትን ቃላት ከልጅነታችን ስለምናውቃቸው ቋንቋው አያስፈራም። ቡናችሁን ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ቁጭ ካላችሁ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ምግብ ቤት ሒሳብ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ በየሰው የሚታሰብ የገበታ ክፍያ ነው። ምሳ ላይ ከፎርኖ ትኩስ ፎካቻ ገዝቶ፣ ዓለት ላይ ተቀምጦ፣ እግርን ውኃ ውስጥ ነክሮ መብላትን የመሰለ የለም። ጃንጥላና አልጋ የተደረደረበት የባህር ዳርቻ በኪራይ ነው፤ «ስፒያጃ ሊቤራ» የተባለው ግን ነፃ ነው፣ ፎጣችሁን አንጥፉ። ኦገስት 15 ቀን የሚውለውን «ፌራጎስቶ» የተባለ በዓላቸውን ግን ሽሹ፤ ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ባህር ዳር ነው።

ለጋባዦች አንድ ምክር፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ እንግዳ ቤታችሁ ካሳደራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ የሕግ ግዴታ ነው። ለክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት የገዛም ከመሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ካለው ማሽን ያስመታ፤ አለዚያ ቅጣቱ የምሳችሁን ገንዘብ ይበላዋል።

ለእንግዶችም፦ ላንጋኖ ላይ የለመዳችሁት ዋና ለባህር አይበቃም። ከዓለታማው ዳርቻ ውኃው ባንድ ጊዜ ሊጠልቅ ይችላል፤ ማዕበልም አለ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ «ምን አለበት» የለም፤ ከውኃው መውጣት ብቻ።

እንግዲህ ጓደኞቻችሁ ሊመጡ ከሆነ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ሒሳቡን አውሩት። ያዋጣችሁት ዩሮ አንድ ቀን ያልቃል፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ጓደኛን ማጣት ግን በየትኛውም ገንዘብ አይካስም። መልካም ሽርሽር!