እንቁላሉ ስንት ቀን ይፈጃል?



በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ ኪርያት ሞሼና ሌላውም የሬሖቮት ሠፈር ውስጥ ከቤት ቤት እዞራለሁ። ከወላጆች አዘውትሬ የምሰማው ቅሬታ፣ ልጁ መጫወቻው ላይ አቀርቅሮ ይውላል የሚል ነው። ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምላቸው ያው ልጅ ስለሆነ «እኛ ምን እናውቃለን» ብለው ይተዉታል። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ የያዘው ሥራ እናቱ አሳምራ የምታውቀው ነው፤ እንቁላል ያስፈለፍላል።

ጨዋታው ፖኬሞን የሚባል የጃፓን ጨዋታ ነው። ልጁ ልዩ ልዩ ፍጥረታትን እየያዘ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ1999 «ወርቅ» እና «ብር» የተባሉት በጃፓን ከወጡ ወዲህ ደግሞ ያራባቸዋል። ወንድና ሴት ለጠባቂ በአደራ ይሰጣሉ፤ ሰንበት ሲል እንቁላል ይገኛል። ሁለቱ የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ ወገናቸው ከገጠመ ይበቃል። የሚፈለፈለው በእናቱ ዘር ነው፤ ከአባቱ የትግል ስልት ሊወርስ ይችላል። (ዘር በአባት ሲቆጠር ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ግር ይላል።)

እናቴ ጎንደር ገጠር ዶሮ ስታረባ የኖረች ናት። አንድ ማታ ልጄን «ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችው።

«ቀን አይደለም እምዬ፣ እርምጃ ነው።»

እውነቱን ነው። እንቁላሉን ተሸክሞ ይሄዳል፤ በ1999ኙ ጨዋታ ማጂካርፕ የሚባለው ዓሣ ከ1,300 ባነሰ እርምጃ ሲፈለፈል፣ ድራቲኒ የሚባለው ግን ከ10,000 በላይ ይፈልጋል።

«እንግዲያው የታቀፍከው አንተ ነሃ!» አለችና ስለ ዶሮዋ ነገረችው። 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ለጥሬና ለውኃ ብቻ ብድግ ትላለች። እንቁላሉን በመንቁሯ ታገላብጠዋለች፤ ካላገላበጠችው ጫጩቱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። አውራ ዶሮ ያልደረሰበት እንቁላል ቢታቀፉት ገምቶ ይቀራል። ልጁ መጫወቻውን አስቀምጦ ይሰማት ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ስለ ልጆችና ጨዋታ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደ እናቴ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ዘር መርጦ ማራባት በከተማችንም አለ። እዚሁ ሬሖቮት ባለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ፣ ፕሮፌሰር አቪግዶር ካሃነር ላባ የሌለው ዶሮ አራብተው እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ተወራ። ላባ ሙቀት ስለሚይዝ፣ ለሞቃት አገር ይስማማል ተብሎ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ብርድ ይፈጀዋል» ብላ ዝም አለች።

ሌላም ጥያቄ ነበራት፦ «ወንድምና እኅት ከሆኑስ?»

ነገሩ እኔንም አስገርሞኛል። በ«ወርቅ» እና «ብር» መሣሪያው ከእያንዳንዱ ፍጥረት ጋር የሚኖሩ ስውር ቁጥሮችን ያስተያያል፤ ቁጥሮቹ ዝምድና ካሳዩ እንቁላል የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጡት ጀምሮ ይህ ምርመራ ቀርቷል፤ ወንድምና እኅትም ይራባሉ። እናቴ አልወደደችውም። በእኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር፣ ዝምድና ከተገኘም ነገሩ እንደሚቀር አስረዳችው።

«አንተስ ስንት ትቆጥራለህ?» አለችው።

ልጄ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ጠርቶ ቆመ። አራተኛውን እሷ ነገረችው። አምስተኛው ላይ ወረቀት አምጥቶ በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፍ ጀመር።