ኪል ዴቪል ሂልስ፦ የማረፍ ነገር

በሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳርቻ፣ በኪል ዴቪል ሂልስ ከተማ፣ የራይት ወንድማማቾች መታሰቢያ ፓርክ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። መቆጣጠሪያ ማማ የለውም፤ ነዳጅ አይሸጥበትም። 914 ሜትር ርዝመት፣ 18 ሜትር ወርድ ያለው አስፋልት በዛፎች መሀል ተዘርግቷል፤ በቃ። መጥቶ ያረፈ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ አውሮፕላኑን ማቆም አይፈቀድለትም።

ከሜሪላንድ የመጣነው አንድ ወዳጄ በተከራያት ባለ አራት መቀመጫ ሴስና 172 ነው። እንጀራው ሌላ ሥራ ነው፤ በረራ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነው። አሜሪካ ያለ ሀበሻ ቤት ሲገዛ “እንኳን ደስ ያለህ” ይባላል። እሱ የግል አብራሪነት ፈቃድ ሲያወጣ ግን እናቱ ስልክ ላይ አለቀሱ፤ ዛሬም በደወለ ቁጥር “ያን ነገር ተውከው ወይ?” ይሉታል።

ስንቃረብ ከምዕራብ ነፋስ ነበር፤ አስፋልቱን በጎን የሚመታ። ማማ ስለሌለ እያንዳንዱ አብራሪ የት እንዳለና ምን ሊያደርግ እንደሆነ በጋራ ሬዲዮ ራሱ ያስታውቃል። ወዳጄም ተናገረ፤ መልስ የሰጠ የለም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረርን፣ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ነፋሱ ዞሮ ዛፎቹን እያየ፣ ወደ አስፋልቱ ወረድን። ልናርፍ ስንል ነፋሱ ወዘወዘን። ጎማው ነካ፤ ነጠርን። “እንደገና!” አለ ወዳጄ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። ወዲያው የነዳጅ መስጫውን በመዳፉ እስከ ጥግ ገፋው። ሞተሩ ጮኸ፤ ዛፎቹ ከሥራችን ቀሩ።

ዞረን በሁለተኛው ሙከራ አረፍን። ኋላ እንዳስረዳኝ፣ የነጠረች አውሮፕላንን አፍንጫ በግድ ወደ መሬት መጫን የፊት ጎማዋን ሊሰብር ይችላል፤ ፕሮፔለሩ አስፋልት ከመታ ደግሞ ሞተሩ ተፈትቶ መመርመር አለበት። እዚህ ነዳጅ እንደሌለ ስለሚያውቅ በቂ ይዞ ተነስቷል። ሁለተኛውም ባይሳካ ማንቴዮ ከተማ ያለው ሰፊ ማረፊያ ቅርብ ነው። ችኮላ አልነበረበትም።

በአሜሪካ ከግል አብራሪዎች ስህተት ብዙውን አደጋ የሚያስከትለው ማረፍ ላይ ያለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ብረት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2024 አንዲት ባለ አንድ ሞተር ሲረስ አውሮፕላን እዚሁ ለማረፍ ስትሞክር ዛፎቹ መሀል ወድቃ፣ የተሳፈሩት አምስት ሰዎች በሙሉ ሞተዋል፤ አንዱ ልጅ ነበር። ወዳጄ ይህን የነገረኝ ገና ሳንነሳ ነው። ተሳፋሪ የሚሄድበትን ማወቅ አለበት ባይ ነው፤ ልክ ነው።

ከማረፊያው በእግር ወጣ ሲሉ ድንጋዮቹ ይገኛሉ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1903፣ ወንድማማቾቹ አራት ጊዜ በርረው የወረዱበት ቦታ በድንጋይ ምልክት ተደርጎበታል። የመጀመሪያው ኦርቪል 12 ሰከንድ በርሮ የወረደበት፣ 36 ሜትር ተኩል ላይ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። እኔን የያዘኝ አራተኛው ነው፤ ዊልበር 59 ሰከንድ፣ 260 ሜትር የበረረበት። ያ በረራ ያበቃው በደህና ማረፍ አይደለም፤ መሬት ሲመታ ከፊት ያለው ከፍታ መቆጣጠሪያ ተሰበረ። ቆማ ሳለችም ነፋስ አንስቶ ገለበጣትና ያቺ አውሮፕላን ዳግም አልበረረችም። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ዊልበር ያደረገው ሙከራም በሦስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ አሸዋ ላይ ወድቆ ነው ያከተመው። ትምህርት ቤት የነገሩን መነሳቱን ብቻ ነው። ስብራቱን ቢነግሩን ኖሮ ለሰዎቹ ያለን አክብሮት ይጨምር ነበር እንጂ አይቀንስም።

ወዳጅ “በግል አውሮፕላን ልውሰድህ” ካላችሁ ፈቃዱን አይታችሁ ብቻ አትርኩ። “ማረፉ ካልተመቸህ ምን ታደርጋለህ?” ብላችሁ ጠይቁት። “ዞሬ እሞክራለሁ፤ ካልሆነም ሌላ ቦታ አርፋለሁ” ካለ ተሳፈሩ። “ደርሰንማ አንመለስም” የሚል ከሆነ በመኪና ሂዱ፤ ከዋሽንግተን አምስት ሰዓት ገደማ ነው።