እጄን ያወጣሁ ዕለት

አውቶቡሱ ዘግይቶ ነበር። በሰሜን ቨርጂኒያ «አውቶቡስ ዘገየ» ማለት ወሬ አይሆንም፤ መኪና የማይነዳ ሰው እዚያ አገር እንደ ሕፃን ልጅ ነው፣ ሌላው በወሰነለት ሰዓት ይወጣል፣ ሌላው በወሰነለት ሰዓት ይገባል። እያለከለክሁ ክፍል ስገባ ከፊት ረድፍ ስድስት ተማሪዎች ተደርድረዋል። መምህራችን ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል አንድ መስመር ለብቻው አስምራለች፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል የተጻፈባቸው ሦስት መስመሮች አሉ። «እንኳን ደረስሽ» አለችኝና ከስድስቱ ቀጥሎ ያለውን ወንበር አሳየችኝ። (እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎን አይለይምና ልጄ የምትሆን ሴት «አንቺ» ስትለኝ መቀየም ከተውኩ ቆይቻለሁ።)

«ከሦስቱ ውስጥ ከግራው መስመር ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው?» አለች።

ቢ ነው። ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነው። የመጀመሪያው ልጅ ግን «ኤ» አለ። ሁለተኛዋም «ኤ» አለች። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም። መነጽሬን አወለቅሁ፣ በሻርፔ ጫፍ ጠረግሁ፣ መልሼ አደረግሁ። ቢ ነው። ስድስተኛው ልጅ «ኤ» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

«ኤ» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ከመድረሴ በፊት መምህራችን ስድስቱን መክራቸው ኖሯል። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

እዚያ ክፍል ምን ወሰደሽ ለሚለኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የአዛውንቶች መጦሪያ 24 ዓመት ሠርቻለሁ። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ሥራውን ተውኩና ቤት ዋልኩ። በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ፤ ዕድሜው 60 የሞላው የግዛቲቱ ነዋሪ፣ ወንበር ከተረፈ፣ በመንግሥት ኮሌጆች ያለ ክፍያ ተቀምጦ ትምህርት መከታተል ይችላል። ማርክ አይያዝለትም፣ ዲግሪም አያገኝበትም። ለእኔ ዲግሪ ምን ያደርግልኛል? በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ 61 ዓመት ሆኖኝ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ማለት ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለት ዓመት ያስተምራል፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲው ያንሳል፣ በሩም ሰው አይመርጥም። ከጎኔ የምትቀመጠው የሳልቫዶር ልጅ ከሆቴል አልጋ ማንጠፍ በቀጥታ ትመጣለች። ከኋላዬ አንድ የሐበሻ ልጅ አለ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ጎደሎ ቢሆንም «እርስዎ» ማለትን እናቱ በሚገባ ያስተማረችው። መምህራችንም ብትሆን በሦስት ኮሌጆች እየተዟዟረች በሰዓት የምታስተምር፣ ራቷን መኪናዋ ውስጥ የምትበላ ናት። ልጄ «ኮምፒዩተር ተማሪ፣ ይጠቅምሻል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ዝርዝሩ ላይ «ማኅበራዊ ሥነ ልቡና» የሚለውን ሳይ፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ለምን ሌላ ሰው እንደሚሆን የሚያስረዳኝ መሰለኝ። ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ።

የመስመሩ ሙከራ ባለቤት ሰሎሞን አሽ ይባላል። ዋርሶ ተወልዶ በ13 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። ልጅ ሳለ በአይሁድ ፋሲካ ማታ ለነቢዩ ኤልያስ ተብሎ አንድ ብርጭቆ ወይን ይቀዳል፤ አጎቱም «ልብ ብለህ እይ፣ ወይኑ ዝቅ ይላል» ይለዋል። ልጁ አፍጥጦ ሲጠብቅ እውነትም ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለው። ይህን ያወራው ራሱ ነው። አድጎ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጥናት የኮሌጅ ወንዶች ልጆችን ልክ እንደ እኔ ከተመከሩ ሰዎች መካከል አስቀምጦ ጠየቃቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ የማይሳሳቱ ልጆች፣ በተሳሳተ ብዙኃን መካከል ሲሆኑ ከመልሳቸው ሲሶ ያህሉ የብዙኃኑ ሆነ። ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እጅ ሰጡ። ሲጠየቁ «እነሱ የተሳሳቱ አልመሰለኝም፣ የኔ ዓይን ነው» ያሉ ነበሩ። መነጽሬ ትዝ አለኝ።

መምህራችን ከዚህ ቀጥላ የተናገረችው ግን ከልቤ አልወጣም። አሽ በሌላ ጊዜ ከተመከሩት መካከል አንዱ እውነቱን እንዲናገር አደረገ፤ አንድ ሰው ብቻ። ስሕተቱ ወደ ሩብ ወረደ።

«አንድ ሰው ብቻ?» አልኳት።

«አንድ ሰው ብቻ» አለችኝ።

ደብተሬን ዘጋሁ። የቀረውን አልሰማሁም። ወደ ቤቴ የተመለስኩበት አውቶቡስ ውስጥ የታየኝ መስመር አይደለም፤ አዳራሽ ነው።

ጥር 1970 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ፣ ዕድሜዬ 16። የቀበሌያችን አዳራሽ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘን ስለነበር ሽታው አልለቀቀውም፤ ሰው በስብሰባ መካከል ያስነጥሳል፣ ሊቀ መንበሩ ይቆጣል። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ጊዜ ነውና «አጋልጡ!» ይባላል፤ ያላጋለጠ ራሱ ይጠረጠራል። የዚያን ዕለት መሐል ላይ የቆመው የጎረቤታችን ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ እኔን ሒሳብ ያስጠናኛል። «ኤክስን ፈልጊው እንጂ አትፍሪው» ይለኝ ነበር። በሌሊት ወረቀት በትኗል ተባለ። ሊቀ መንበሩ ዞር ዞር ብሎ አየንና «ይህ አናርኪስት ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ!» አለ።

አወጣሁ።

ለዓመታት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ጠመንጃው ነው። ማንም ቢሰማኝ ይፈርድልኛል። ነገር ግን የአሽ ልጆች በር ላይ ጠመንጃ አልነበረም። እኔ ያን ሰሌዳ እያየሁ «ኤ» ስል ማን ይገድለኛል ብዬ ነው? እናም በአውቶቡሱ መስኮት ጨለማውን እያየሁ ያን ዕለት በትክክል ወዴት እንዳየሁ ለማስታወስ ሞከርኩ። ወደ በሩ አላየሁም። ያየሁት ከጎኔ የተቀመጠችውን ጓደኛዬን ነው። እሷ አወጣች፤ ከእሷ ወዲያ ያሉት አወጡ፤ እኔ ብቻዬን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መቅረቴ አሳፈረኝ። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው። ይህን ከዚያ በፊት ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

እጃችን በአየር ላይ እንዳለ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጠላ እየጠመቁ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሰፈሩ «የጠላዋ እናት» ከማለት በቀር ስማቸውን አያውቅም፤ እኔ ስማቸውን የሰማሁት ሲሞቱ የእድር ጡሩምባ ነፊው ሲጠራ ነው። እጃቸውን አላወጡም። ሊቀ መንበሩ አስነሣቸው። «ልጄ፣ ሌሊት ምን ሲሠራ እንደሚያድር አላየሁም። ቀን የማየው ውኃ ሲቀዳልኝ ነው። ያላየሁትን እንዴት ልበል?» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም «ይቺ ገና አልነቃችም» ብሎ አስቀመጣቸው። ምንም አልሆኑም፤ በማግስቱ ጠላቸውን ሸጡ። እሳቸው ሲናገሩ ጥቂት እጆች ዝቅ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ነጠላውን እንደሚያስተካክል፣ አንዱ ራሱን እንደሚያክ ሆኖ። የእኔ እዚያው እንደ ተሰቀለ ቀረ። ቆጠሩን። ልጁ ተወሰደ።

አሽ መልሱን በአፍ መናገር ቀርቶ በወረቀት ለብቻ እንዲጻፍ ሲያደርግ ከብዙኃኑ ጋር የሚሄደው ሰው በጣም ቀንሷል። እጅ አውጡ የሚሉን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ኖሯል።

ለሴሚስተሩ ማብቂያ እያንዳንዱ ከየአገሩ አንድ ነገር አምጥቶ እንዲያስረዳ ታዘዝን። እኔ ግዴታ ባይኖርብኝም ይሉኝታን ይዤ ቆምኩ። ማስረዳት ግን አቃተኝ። ኀፍረት ነው እንዳልል ኀፍረት የሚመጣው ካደረጉ በኋላ ነው፤ ይሉኝታ ከማድረግ በፊት ይመጣል። ጨዋነት ነው እንዳልል ጨዋውን ያስዋሸዋል። ቃሉ ራሱ «እንዲህ ይሉኛል» ከማለት የተሠራ ነው፤ እነማን እንደሚሉ አይናገርም። እንግዳን ጾሙን እንዳያድር የሚያደርገውም፣ ባለዕዳውን በሠርግ የሚያከስረውም፣ ጎረቤት ሲታመም ሌሊት በሩን የሚያስንኳኳውም አንዱ ይሉኝታ ነው። የሳልቫዶሯ ልጅ ወዲያው ገባት። የአዳራሹንም ነገር ነገርኳቸው፤ ለምን እንደ ነገርኳቸው አላውቅም፤ በባዕድ ቋንቋ ሲወራ ይቀል ይሆናል።

የሐበሻው ልጅ ስንወጣ ተከተለኝ። «እኔ ብሆን አላወጣም ነበር» አለኝ።

«አንተ እኮ» አልኩት፣ «መምህርቷ በል ስላለችህ ብቻ ዓይንህ እያየ ኤ ብለሃል።»

ደነገጠ። አንጀቴን በላኝና የአውቶቡስ መጠለያው ድረስ ይዤው ሄድኩ። መጽሐፋችን ውስጥ የሚልግራም ምዕራፍ አለ፤ የአሽ ረዳት የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ በጀመረው ሙከራ፣ ነጭ ካፖርት ሳይሆን ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው «ቀጥል» ስላላቸው ብቻ ከ40ዎቹ ወንዶች 26ቱ ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ እየቀጣን ነው ብለው እያመኑ እስከ 450 ቮልት ገፍተዋል። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፤ እነሱ ግን አላወቁም። ክፍል ውስጥ ስንወያይ ወጣቶቹ ሁሉ «እኔ ግን አልገፋም» ብለዋል። በእነሱ አልፈርድም፤ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ቢሆን እኔም እል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለአገሬ ሰው ይጥማልና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ዳርሊና ላታኔ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1968 የተረቱን ጀርባ አሳይተዋል፤ በድምፅ ማጉያ ሰው ታሞ ሲያጣጥር ይሰማል፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት ብሎ ካሰበው 85 በመቶው ሊረዳ ተነሣ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካሰበው ግን 31 በመቶው ብቻ። ሎሚው ለሃምሳ ሲከፈል መሬት ይወድቃል። ለዚህ ጥናት ያነሣሣቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የተገደለችው ኪቲ ጄኖቬዝ ናት። 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ፣ በየመማሪያ መጽሐፉም ገባ። መምህራችን ይህን አስተማረችንና ደግሞ አፈረሰችው፤ ቁጥሩ የተጋነነ ነበር፣ ጋዜጣው ራሱም በ2016 አምኗል። ሶፊያ ፋራር የምትባል ጎረቤት ነፍሰ ገዳዩ መሄድ አለመሄዱን ሳታውቅ በሌሊት ወርዳ ኪቲን አቅፋ ይዛለች። በታሪኩ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሷ ስም አልነበረም። 38ቱ ነበሩ፣ ወርዳ ያቀፈቻት ግን አልነበረችም። እኔም ስለዚያ አዳራሽ በልቤ ሳስብ የማስበው ሁልጊዜ ስለተነሡት እጆች ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ከእስር ተፈቶ ነበር። ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ ሰላም አለ። ቤታችንም ገብቶ ቡና ጠጣ፤ «ሒሳቡን ቀጠልሽ?» አለኝ። በኋላ እኔ ወጣሁ፣ እሱ አዲስ አበባ ቀረ፤ በበዓል እንደዋወላለን። ትምህርቱ ባለቀ በሳምንቱ፣ በዓል ሳይሆን፣ ደወልኩለት።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት። «ያን ዕለት በአዳራሹ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አላየሁሽም» አለ በመጨረሻ። «እኔ በዚያን ሰዓት የማየው መሬቱን ነበር። የሰማሁት የጠላዋን እናት ብቻ ነው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ተወኝ፣ ላልቅስ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፦

«ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት» አለ፣ «አንቺ ታመሽ የቀረሽበት ስብሰባ፣ ትዝ ይልሻል? ከወንዝ ማዶ ያለው ልጅ የቀረበበት። እኔ ያን ጊዜ አውጥቻለሁ።»

«እሱስ?»

«እሱ አልተመለሰም።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተባባልን በቅጡ አላስታውስም። ጉልበቴ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ስኳር ሕመሙ ጠየቅሁት። እናቱ እዚያው ቤት መሆናቸውን፣ ጆሯቸው እንደ ደከመ ነገረኝ። «ላገናኝሽ?» አለ፤ ስልኩን ሰጣቸው። ማን መሆኔን ሦስት ጊዜ ጮኬ ነገርኳቸው።