የልጅ ቀለብና የቡና ወር

ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን በር ላይ ቆመው ያውቃሉ? ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበላውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል። ጎረቤቴ ከእነሱ አንዷ ናት። ባለፈው እሑድ ቡና ጠራችኝና ገና ጀበናው ሳይወርድ አንድ ያረጀ ደብተር ከሳጥን አውጥታ "እትዬ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ" አለችኝ።

ደብተሩ ልጇ አምና የጨረሰው የሒሳብ ደብተር ነው። ከኋላ በተረፉት ገጾች ላይ ግን የእሷ ሒሳብ ሰፍሯል፤ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ የትምህርት ቤት መዋጮ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ዘይት፣ የቤት ኪራይ። ከእያንዳንዱ ጎን ቀኑ አለ። ከሰባት ዓመት በፊት ስትፋታ ፍርድ ቤቱ ለልጁ በወር 700 ብር ቀለብ ቆርጦለት ነበር። ያኔ ልጁ ጡት የጣለ ሕፃን ነው፤ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል። ብሩ ግን ያው 700 ነው። "አንዴ ተፈርዷል፤ ጠበቃ የምይዝበትስ ከየት አመጣለሁ?" አለችኝ።

ይህንኑ ቃል ከአጋሮም ከሰቃም ከሊሙ ገነትም ከሚመጡ ሴቶች አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁሌም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም። የቀለብ ፍርድ አንዴ ተፈርዶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የበሬ ሽያጭ ክርክር ሲወሰን አለቀ። ቀለብ ግን የሚቆረጠው ሁለት ነገር ተመዝኖ ነው፤ የተቀባዩ ችግርና የሰጪው አቅም። ልጅ ያድጋል፣ ኑሮ ይወደዳል፣ የአባት ገቢም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለዚህም ነው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በጠየቀ ጊዜ የቀለቡ መጠን ሊሻሻል ይችላል የተባለው። ብዙ ሰው ይህን ከይግባኝ ጋር ያምታታዋል። ይግባኝ የ60 ቀን ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ፣ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ አለፈ። ማሻሻያ ግን ከፍርዱ በኋላ የተለወጠ ነገር እስካለ ድረስ በዓመቱም በሰባት ዓመቱም ይጠየቃል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 213 አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ ነው። የጅማ ፍርድ ቤት የሚዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው። ከሬዲዮ የሰሙትን አንቀጽ ማመልከቻ ላይ ማስፈር አያስፈልግም። ሕጉን ማወቅ የዳኛው ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሥራ የሆነውን መናገር ነው።

ማመልከቻው ረጅም አይሁን። የድሮው መዝገብ ቁጥር፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ነገር፣ አሁን ይሁንልኝ የሚሉት መጠን። የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ያያይዙ። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ ብቻ የሚግባባ ሰው ፍርድ ቤቱ ደጅ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ ይጽፍለታል፤ ችሎት ላይም አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው። ለጸሐፊው ግን ነገሩን በራስዎ አፍ ይንገሩት። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሚጽፉ አሉ፤ "ኑሮ ስለተወደደ" ብቻ ብሎ የሚያልፍ ማመልከቻ ለዳኛ የሚጨበጥ ነገር አይሰጠውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ ደመወዙን ያውቃል፣ ቀለቡም ከዚያው ተቆርጦ እንዲከፈል ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሠራተኛ የወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ይህንን አውቆ መጠየቅ ነው። በእኛ አገር ግን አባትየው አብዛኛውን ጊዜ ቡና አለው። የቡና ገንዘብ ደግሞ ወር ጠብቆ አይመጣም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸቱ ተለቅሞ ለማጠቢያ ጣቢያ ይሸጣል፣ የቀረው ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ነሐሴ ላይ ያንኑ ሰው ችሎት ቢያቆሙት "እጄ ላይ ምንም የለም" ሲል አልዋሸም። ኅዳር ላይ ግን ሞተር ሳይክል ይገዛል። ሁለቱም ያው ሰው ነው። እናቲቱ ነሐሴ ላይ ባዶ እጇን ቀርባ "ገቢ አለው" ብትል፣ እሱም "የለኝም" ቢል፣ ፍርዱ ወደ ትንሹ ቁጥር ያደላል።

ስለዚህ ማስረጃው የአንድ ወር ሳይሆን የአንድ ዓመት ይሁን። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ስንት ሄክታር ይላል? የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆነ ስንት ኪሎ እሸት አስረከበ፣ የትርፍ ክፍፍልስ ስንት ደረሰው? ማኅበሩ ይመዘግባል፤ መዝገቡ እንዲቀርብ ትእዛዝ የሚሰጠው ግን ፍርድ ቤቱ ስለሆነ፣ ይህን በማመልከቻው ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል። አምና ስንት ኩንታል እንደጫነ ያዩ ጎረቤቶችም ምስክር ናቸው። የቡና ዋጋ መናሩን ማንም አይክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ፤ በየካቲት 2017 ደግሞ የአረቢካ ቡና በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ገበሬው እጅ ደረሰ አልልም። ዘይቱንና ደብተሩን ያስወደደው ምንዛሪ ቡናውንም ማስወደዱን ግን ዳኛ እንዲሰማው ያስፈልጋል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ የቡና አባት ቀለብም የቡናን ወር ቢከተል ይሻላል። ለክረምቱ ትንሽ ትንሽ፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ግን ጠቀም ያለ ተብሎ ይጠየቅ። ዳኛው ይቀበለውም አይቀበለውም ጥያቄው ከአገሩ ኑሮ ጋር የሚሄድ ነው፤ እናቲቱም በየክረምቱ ለአፈጻጸም ችሎት ከመንከራተት ትድናለች።

በሽታ ቡናውን የጨረሰበት ወይም አልጋ የያዘ አባትም በዚሁ በር ገብቶ ይቀነስልኝ ማለት ይችላል። ዝም ብሎ ማቋረጥ ግን አይቻልም፤ አዲስ ውሳኔ እስኪሰጥ የድሮው ይከፈላል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። እናቶችም ውዝፉን "ይጠራቀምልኝ" ብለው አያቆዩት። ጅማ የሚዳኘው በእሱ ባይሆንም ለማስጠንቀቂያ ያህል፣ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር፣ እንደማይጠየቅ ይደነግጋል።

ሽማግሌውስ? ቃዲውስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ የፈቀደው ሁለቱም ወገን ሲስማማ ነው። ኦሮሚያም በ2013 በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁማለች። ሽምግልና ደስ ይለኛል፤ በአንድ ሰንበት የሚያልቅ ነገር ስንት ቀጠሮ ያስቀራል። ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ፍርድ ቤትም ያጽድቀው። በቃል ብቻ የተባለ ቀለብ ቡናው ሲረክስ ይረሳል።

ጠበቃ የለኝም ብሎ የሚፈራ ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ይወቅ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያቃተው ደግሞ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ከ1958 ጀምሮ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ከደብተሩ ወደ ነጭ ወረቀት ስንገለብጥ ሁሉንም ሳትቸገር ነገረችኝ። "ስንት ይሁንልኝ ልበል?" ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶው እጇ ላይ ቆመ። "አንድ ሺህ ብል ይበዛ ይሆን?" አለች። ደብተሩን መልሼ ሰጠኋትና የልጁን ብቻ ደምሪው አልኳት። በጣቷ መስመር በመስመር እየወረደች ደመረች፤ 4,600 ብር መጣ። ደግማ ደመረች፤ ያው ነው። ዝም ብላ ቆየችና "ግማሹን እኔ እችላለሁ" ብላ 2,300 ጻፈች። ሰኞ የለቀማ ቀኗን አስፈቅዳ ወደ ፍርድ ቤት ትሄዳለች፤ የዕለቱ ገንዘብ ይቀርባታል። ልጁን ከትምህርት ቤት የማመጣላት እኔ ነኝ።